መስኮቱን ክፈቱ፦ ቁስቋም ቤተ መንግሥት የገባው ፈንጣጣ እና የእኛ ልጆች



ሰሞኑን አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ዶክተር፣ ልጄ ኩፍኝ ወጥቶበታል። አማቴ በሩን ዝጊ፣ መስኮቱን ሸፍኚ፣ ብርሃንና ነፋስ ካገኘው ይብስበታል፣ መርፌም እንዳይነካው ትላለች። ምን ላድርግ?» መልሱን በሁለት መስመር ሰጠኋት፦ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ መስኮቱንም ክፈቺው። ጥያቄዋ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ይኸው ጥያቄ፣ በዚሁ በእኛ ከተማ፣ ከ250 ዓመት በፊት በእቴጌ ምንትዋብ ቤት ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከወትሮው ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው ያመጣሁላችሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ቁስቋምን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም። ከከተማዋ በስተምዕራብ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማርያም አለች። ስሟን ያገኘችው እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ካረፈችበት ከግብጹ ተራራ ነው። ጽጌ አልቆ ኅዳር 6 ሲሆን በዓሏ ይከበራል። አጠገቧ ያለው የፈረሰ ግንብ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ነው። እቴጌ የአፄ በካፋ ባለቤት፣ የዳግማዊ ኢያሱ እናት፣ የኢዮአስ አያት ናቸው። ባላቸው እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው ገና ሕፃን ስለነበር አገሩን በእሱ ስም ይገዙ የነበሩት እሳቸው ነበሩ። ቁስቋምንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው። እዚያ ስንወጣ ስለ ውበታቸውና ስለ ሥልጣናቸው ብዙ እንሰማለን። ስለ በሽታው የነገረኝ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በ1762 ዓ.ም. ያ ቤት ሐዘን ላይ ነበር። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ አፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገድለዋል። የእቴጌ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ባል ማርያም ባርያውም በዚያው ጠብ ሞተዋል። ከዚያ በኋላ አስቴር ራስ ሚካኤልን አገቡ። የዘመኑ ፖለቲካ እንዲህ ነበር፤ ወደዚያ አልገባም። እናንተ ግን እንደ ወላጅ አስቡት። የልጅ ልጇን የቀበረች አያት እና ባሏን የቀበረች እናት ባሉበት ግቢ ውስጥ ፈንጣጣ ገባ።

ፈንጣጣን ዛሬ የምናውቀው በስም ብቻ ስለሆነ ጥቂት ልበል። በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። በብርቱ ትኩሳትና በወገብ ሕመም ይጀምርና ከቀናት በኋላ ፊትን፣ እጅንና እግርን መግል የቋጠረ ሽፍታ ይሸፍነዋል። ከባዱ ዓይነት ክትባት ካላገኙት ሰዎች ከ10 ሦስቱን ያህል ይገድል ነበር። ከተረፉትም ብዙዎቹ ፊታቸው ይጠባሰሳል፣ አንዳንዶቹ ዓይናቸው ይጠፋል። መድኃኒት አልነበረውም፤ ለንጉሥም ለገበሬም አልነበረውም።

በዚያው የካቲት ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጎንደር ገባ። እ.ኤ.አ. 1770 መሆኑ ነው። ብሩስ ሐኪም አልነበረም። አሌፖ (የዛሬዋ ሶርያ) በነበረበት ጊዜ ዶክተር ራስል ከሚባል ስኮትላንዳዊ ጥቂት ሕክምና ተምሯል፣ የመድኃኒት ሣጥን ይዟል፣ ድፍረት ደግሞ ከሁሉም በላይ ነበረው። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ መጥቶ ሳለ «ፈረንጅ ሁሉ መድኃኒት ያውቃል» ተብሎ ወደ ቁስቋም ተጠራ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር። የዚህን ወሬ ዝርዝር የምናገኘው ከራሱ ከብሩስ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1790፣ ማለትም ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ሰውየው ደግሞ ራሱን ማሞገስ ይወዳል፤ በታሪኩ ሁሉ መሀል ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ስለዚህ «እኔ አዳንኩ» የሚለውን እያጣራሁ ነው የማነበው። የታመሙት ሰዎች የተኙበትን ክፍል የገለጸበት ቦታ ግን እውነት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እኔም ያንን ክፍል አይቼዋለሁ። ቁስቋም ውስጥ ሳይሆን ስንት መንደር፣ ስንት ቤት ውስጥ።

እንዲህ ነው የሚለው። ፈንጣጣ የያዘውን ሰው ትንሽ ነፋስ እንዳይነካው በሩ ሁሉ ይዘጋል። ቤቱ እስኪጨልም ድረስ ይደፈናል። እሳት ይነድዳል፣ ሻማ ሳያቋርጥ ይበራል፣ በሽተኛው በልብስ ላይ ልብስ ይደረብለታል፣ ትኩስ መጠጥ ይሰጠዋል። በግልጽ ገዳይ ያለው ይህንን አያያዝ ነው።

ይህን ስታነቡ የእኛ ሰው ብቻ ያደረገው እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገርም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን ቶማስ ሲደናም የተባለ ሐኪም «በሽተኛውን አታፍኑት፣ ቀዝቀዝ አድርጉት» ሲል ብዙ ሐኪሞች ተቃውመውታል። በሽታው «ከውስጥ እንዲወጣ» በሙቀት መግፋት አለብን የሚለው ሐሳብ የዓለም ሁሉ ነበር። እኛም ዛሬ «ሽፍታው ይውጣለት» ስንል ያንኑ ቋንቋ ነው የምንናገረው።

አንድ ትኩሳት ያለበት ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይሆናል? ሰውነቱ ሙቀቱን በቆዳው በኩል ማስወጣት ይፈልጋል፤ ድርብርቡ ልብስ ይከለክለዋል። ያልበዋል፣ ውሃው ያልቃል። አፉ ቆስሎ ትኩሱን መጠጥ መዋጥ ስለሚያቅተው የጎደለውን አይተካም። እሳቱና ሻማው አየሩን በጢስ ይሞሉታል። አስታማሚው ሁሉ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አብሮ ስለሚታፈን ያልታመመውም ይታመማል። ያንን ክፍል የሠራው ጭካኔ አልነበረም። የሠራው ፍቅር ነው፤ ልጇን የምትወድ እናት ካላት ነገር ሁሉ የምትችለውን አደረገች። ይህን አስታውሱልኝ፣ ወደ ዛሬ ስንመጣ ያስፈልገናል።

ከታመሙት አንዱ የራስ ሚካኤል ልጅ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ። ብሩስ ሊያያቸው ሲዘጋጅ ነገሩ ተቀየረ። ከዋልድባ አንድ አባት መጥተዋል፣ ሃያ ዓመት እህልና ውሃ ሳይቀምሱ የኖሩ ናቸው፣ የእመቤታችንን ሥዕልና መስቀል በበሽተኞቹ ላይ በማኖር ይፈውሳሉ ተባለ። ብሩስም ከነገሩ እንዲርቅ ተነገረው። ወልደ ሐዋርያት ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህን የጻፍኩት ጸሎትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ራሴም ጎንደሬ ነኝ። ብሩስ ቢያያቸውም ወልደ ሐዋርያት ሊሞቱ ይችሉ ነበር። ጥፋቱ ጸሎት መደረጉ ላይ አይደለም። ጥፋቱ «ወይ ይህ ወይ ያ» መባሉ ላይ ነው። ሥዕሉ በተኙበት ላይ ቢቀመጥ፣ መስቀሉ ቢዳሰሱ፣ መስኮቱም አብሮ ቢከፈት ማን ይከለክል ነበር? በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ብዙ ሰው ጸበል ሊገባ ሲል መድኃኒቱን ያቋርጥ ስለነበር ያ ንግግር ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ። የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የቲቢ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ ወደ ጸበል ስትሄዱ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። ጸበልተኛውም ቢሆን በቂ ውሃ መጠጣትና መመገብ አለበት።

ወደ ቁስቋም ልመለስ። ከወልደ ሐዋርያት ሞት በኋላ እቴጌና ወይዘሮ አስቴር ቤቱን ለብሩስ ለቀቁለት። ከታመሙት መካከል የአስቴር ልጅ አይቶ ክንፉ ነበር፤ ብሩስ «ኮንፉ» እያለ ይጽፈዋል። ሰውየው ምን አደረገ? አገልጋዮቹን ሁሉ ሥራ አስያዘ። በቂ ክፍል ስለነበር ሰዉን እንደ ልቡ አዘዋወረ። በሩንና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ። ክፍሎቹን በብዙ ዕጣንና ከርቤ አሳጠነ፣ በሞቀ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ። በቀረው ራስል ያስተማረውን ተከተለ። ክንፉ ዳነ። ብሩስም በምስጋና እዚያው ቁስቋም ግቢ ውስጥ ቤት ተሰጠው፤ የጎንደር በር የተከፈተለት በዚህ ነው።

አሁን እንደ ሐኪም ልናገር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት አንድም የለም። ዕጣኑ ፈንጣጣን አያድንም፤ ዛሬ ቢሆን ሳል ያለበት ልጅ አጠገብ እንዳታጨሱ ነበር የምለው። ክንፉ ያለ ብሩስም ሊድን ይችል ነበር፤ ከ10 ሰባቱ ይድናሉና። አንድ ሰው ሞቶ አንድ ሰው ስለዳነ ምንም ማረጋገጥ አይቻልም። ነገር ግን አየሩ፣ የተቀነሰው ልብስና ንጹሕ ክፍሉ ለበሽተኛው ሰውነት ራሱን የሚከላከልበትን ዕድል ሰጡት። ይህን ዕድል ለመስጠት ደግሞ ፈረንጅ አያስፈልግም ነበር። በሩ የእቴጌ ነው፣ መስኮቱም የእቴጌ ነው። የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ቤት ውስጥ ነበረ።

ሐኪም ከመድረሱ በፊት ቤተሰብ የሚያደርገው ዝግጅት ይህን ያህል ዋጋ አለው። ዝግጅት ስል ግን ሊጎዳም ይችላል። የክትባት አባት የሚባለው ኤድዋርድ ጄነር የ8 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1757፣ ለፈንጣጣ ተተክቶለት ነበር። በዚያ ዘመን «መትከል» ማለት ከበሽተኛ ቁስል የተወሰደ መግል በጤነኛ ሰው ቆዳ ውስጥ ማስገባት ነው። ሰውየው ቀለል ያለ ፈንጣጣ ታሞ ዕድሜውን ሙሉ ይጠበቃል፤ ከ100 አንድ ወይም ሁለቱ ግን ይሞታሉ። ታዲያ ትንሹን ጄነርን ለዚህ «ለማዘጋጀት» ስድስት ሳምንት ያህል አስራቡት፣ ደሙን ደጋግመው አፈሰሱት፣ ሆዱን የሚያጥብ መድኃኒት አጠጡት። ልጁ አጥንቱ እስኪቀር ከሳ። በሽታውን ሊቋቋም የሚገባውን ሰውነት ቀድመው አደከሙት ማለት ነው። በ1796 ጄምስ ፊፕስ የተባለውን የ8 ዓመት ልጅ በላም ፈንጣጣ ሲከትብ ይህ ሁሉ ሥቃይ ቀረ።

የእኛም አገር ሰው መትከልን ከጄነር በፊት ያውቅ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ዓመታት የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ ክንድ ላይ በምላጭ የመስቀል ቅርጽ ተደርጎ መግሉ ሲቀመጥበት እንደነበር ጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ቃሉ ነው። ክትባት የምንለው «ከተበ» ከሚለው፣ «ጻፈ» ከሚል ትርጉም ካለው ግሥ ነው። አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብም ከዚያው ነው። አንዱ በብራና ላይ ይጻፋል፣ ሌላው በቆዳ ላይ። ሕዝባችን ሁለቱንም በአንድ ቃል የጠራው ሁለቱም ልጅን ከክፉ ለመጠበቅ የሚደረጉ ስለሆኑ ይመስለኛል። ስለዚህ «ክትባት የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚላችሁ ሰው ቃሉን አሳዩት።

መትከል ግን አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው። የተተከለለት ሰው እውነተኛ ፈንጣጣ ስለሚይዘው ለጎረቤት ያስተላልፋል። ዘመናዊው ክትባት ይህ ጉዳት የለበትም። ወደ አገራችን በስፋት መግባት የጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው። ሆኖም ደጋው ከመንገድ የራቀ ስለሆነ በሽታው ከእኛ ጋር ሌላ ሦስት ትውልድ ያህል ቆየ። ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ዓላማው ይኸው ርቀት ነበር፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር መላክ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጨርሶ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ያ ኮሌጅ የብዙዎቻችን መምህር ነው፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን በሰፊው እጽፋለሁ።

ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ በሽተኛ ተመዘገበ። በዚያን ጊዜ አገራችን ውስጥ የነበረው ቀላሉ ዓይነት ነበር፤ የሚገድለው ከ100 አንድ ወይም ሁለቱን ነው። ይህ ጥሩ ዜና ይመስላል፤ ለዘመቻው ግን ችግር ሆነ። ብዙ ስለማይገድል ብዙ አላስፈራም። በሽተኛው እየተራመደ ገበያ ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል። በአንዳንድ የደጋ አካባቢዎች ሰው መትከልን ስለለመደ አዲሱን ክትባት እምቢ አለ። ክትባት ሰጪዎቹ በእግር፣ በበቅሎ፣ በመጨረሻም በሄሊኮፕተር ዞሩ፤ የተተኮሰባቸውም አሉ።

ዘመቻውን ያሳካው ሁሉንም ሰው መክተቡ አይደለም፤ ያ አይቻልም ነበር። ያሳካው መረጃ ነው። አንድ በሽተኛ በተገኘ ቁጥር ቤቱ ተለይቶ ይታወቃል፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ሁሉ ይከተባሉ፣ ቀጣዩ በሽተኛ ይፈለጋል። ይህ እንዲሠራ ደግሞ አንድ ሰው፣ እናት ወይም ጎረቤት፣ «አዎ፣ እኛ ቤት አለ» ማለት ነበረበት። የተደበቀ ልጅ ባለበት መንደር በሽታው እንደገና ይነሣል። የኢትዮጵያ የመጨረሻዋ በሽተኛ ባሌ ውስጥ፣ ኤል ከሬ አውራጃ የተገኘች የ3 ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ነሐሴ 1968 ዓ.ም.። ከዚያ በኋላ ሶማሊያ ውስጥ በ1977 እ.ኤ.አ. አንድ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ታመመ፣ ዳነም። በተፈጥሮ የተላለፈ ፈንጣጣ በዚያ አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። እቴጌ ምንትዋብን ያስለቀሰው በሽታ ለመጥፋት 210 ዓመት ፈጀበት፤ ከመጨረሻዎቹ መሸሸጊያዎቹም አንዷ የእኛው አገር ነበረች።

በሽታው ጠፋ፤ የተዘጋው ክፍል ግን አልጠፋም። አሁን ውስጡ የሚተኛው ኩፍኝ የያዘው ልጅ ነው።

ለጻፈችልኝ እናት አማት አንድ ነገር ልመስክርላቸው፤ ግማሹ እውነት አላቸው። ኩፍኝ እጅግ ተላላፊ ስለሆነ ልጁን ከሌሎች ልጆች መለየት ትክክል ነው። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣ በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ ያስተላልፋል። ዓይኑ ስለሚቆጠቆጥ ኃይለኛ ብርሃን ቢያስጠላውም አይገርምም፤ መጋረጃ ገለጥ አድርጎ መተው ይበቃል። ስሕተቱ አየሩን መዝጋቱ፣ ማልበሱና ከሕክምና መከልከሉ ነው። «መርፌ ከነካው ይሞታል» የሚባለው ልክ አይደለም። ልጁን የሚገድለው ኩፍኙን ተከትሎ የሚመጣው የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና የሰውነት ውሃ ማለቅ ነው፤ እነዚህን ደግሞ ማከም እንችላለን። ጤና ጣቢያ ሲመጣ በሁለት ተከታታይ ቀናት ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ ይህ ዓይኑን ከመታወር፣ ሕይወቱንም ከሞት ይጠብቃል። ትኩሳት ሲኖረው ስስ ልብስ፣ ቶሎ ቶሎ ፈሳሽ፣ በክብደቱ የተለካ ፓራሲታሞል። አስፕሪን ለልጅ አትስጡ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት አታቋርጡበት። ከፈዘዘ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም የዓይኑ ብሌን ነጭ ካዘለ ሰዓት አትጠብቁ። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ሙቀቱ 38 ከደረሰ፣ ሌላ ምልክት ባይኖረውም እንኳ አምጡት።

በውስጥ መስመር ብዙ የምትጠይቁኝ ሌላው ነገር ልጅ ወይም እናት ለቀዶ ሕክምና ሲቀጠር ስለሚደረግ ዝግጅት ነው። እዚህም ላይ የቁስቋሙ ክፍልና የጄነር ረሃብ ይመጡብኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሥራ ስጀምር፣ ለትንሽ ቀዶ ሕክምና የተቀጠሩ አንዲት እናት ጠዋት መጡ። ዓቢይ ጾም ነበር። «እማማ፣ ጾመዋል?» አልኳቸው። «እንዴታ ልጄ!» አሉኝ፤ ቅር እንዳላቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሊገቡ ሲሉ ሰመመን ሰጪው «ለመጨረሻ ጊዜ ምን ቀመሱ?» ሲላቸው «ሽሮ፣ ጠዋት፣ ደህና አድርጌ፣ ጉልበት እንዲሆነኝ» አሉ። ሕመም ስላለባቸው ካህኑ እስከ ሰዓት መቆየቱን ፈቅደውላቸዋል፤ ጾማቸውን ግን አልገደፉም። እሳቸው አልዋሹም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ «ጾም» ብዬ በእኔ ቋንቋ ጠየቅኳቸው፣ በእሳቸው ቋንቋ መለሱልኝ። ቀጠሮው ተላለፈ እንጂ ያ ሽሮ ሰመመን ውስጥ ሳሉ ወጥቶ ሳንባቸው ቢገባ ሊሞቱ ይችሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ጾመዋል?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «ከአፍዎ የገባው የመጨረሻ ነገር ምንድን ነው? በስንት ሰዓት?» ነው የምለው።

ስለዚህ ሰዓቱ እንዲህ ነው። ማንኛውም ምግብ፣ የላም ወተት፣ የዱቄት ወተትና አጥሚት ሰመመን ከመሰጠቱ ቢያንስ 6 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ከሆነ 8 ሰዓት። የእናት ጡት 4 ሰዓት። ንጹሕ ውሃ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል። የሚያክማችሁ ባለሙያ ሌላ ሰዓት ከሰጣችሁ የእሱን ያዙ። ከዚህ በላይ ልጅን ማስራብ ደግሞ ጥቅም የለውም። ከማታ ጀምረው ጡት የከለከሉ እናቶች ያጋጥሙኛል፤ «እንዳላበላሽ ፈርቼ» ይላሉ። ሕፃኑ ውሃው አልቆ፣ ስኳሩ ወርዶ፣ ደም ሥሩ ጠፍቶ ይመጣል። ተራችሁ ከዘገየም ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ «ልጄ ከስንት ሰዓት ጀምሮ አልጠባም» ብላችሁ ነርሷን ንገሯት።

ሌላው መንገር ነው። ኮሶ ጠጥታችሁ እንደሆነ፣ ዳማከሴ ወይም ሌላ ቅጠል ተጨምቆ ለልጁ ተሰጥቶት እንደሆነ፣ አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ የወር አበባ ቀርታችሁ እንደሆነ፣ ከቤተሰብ ውስጥ በሰመመን ጊዜ ችግር የደረሰበት ሰው እንዳለ ንገሩን። ልጁ እንጥሉ ተቆርጦ ወይም ግግ ወጥቶለት ከሆነም ንገሩን። ይህን ልማድ ተዉት የምላችሁ ነኝ፤ ግን ደም እየፈሰሰው የመጣን ልጅ እናት «ምንም አልተደረገም» ስትለኝ የማጣው ሰዓት ከቁጣዬ ይበልጣል። የሚቆጣችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ እናንተ ግን ተናገሩ። የጥፍር ቀለምና የጠቆረ እንሶስላ ደግሞ በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ሊያሳስተው ስለሚችል ቢያንስ አንድ ሁለት ጣት ባዶ ይሁን። ማተብም ክታብም ካለ አትፍሩ። ቀዶ ሕክምናው እዚያው ቦታ ላይ ካልሆነ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፤ ካስቸገረም ወደ ሌላ ቦታ ማሰር ይቻላል።

ያቺ እናት ትናንት መልሳ ጻፈችልኝ። ልጁ ቫይታሚኑን ወስዷል፣ ሳንባው ደህና ነው፣ መብላት ጀምሯል። አማቷ መስኮቱን ራሳቸው ከፍተው አጠገቡ ቁጭ ብለዋል አለችኝ፤ «ነፋሱ በእኔ በኩል ይለፍ» እያሉ።

የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘግቶባችሁ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ «ጊዜው አልፏል፣ ይቆጡኛል» ብላችሁ አትቅሩ። ካርዱ ቢጠፋም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ አዲስ ካርድ ይወጣለታል።